ጥያቄ ሰባት

ጡረታዬ ደርሶ፣ ቢሮዬን ሳስረክብ፣
መጽሐፍ በካርቶን፣ በካርቶን ስሰበስብ፣
ከመሳቢያው ግርጌ አንድ ጥቅል አገኘሁ፤
የድሮ ፈተና። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ።
ፕሎቭዲቭ፣ መስከረም ነው። መስኮቱ ተከፍቷል፤
ከማሪጻ ወንዝ በኩል የሚመጣው ነፋስ ራሱ ያልበዋል።

ጥያቄ ሰባት፦
«ማቭሩድ የተባለው ጥቁሩ የወይን ዘር
የሚለቀምበት ቀን መቼ ነው? ይነገር።»
መልሱ በእኔው ደብተር ከጥንት የሰፈረ፣
ከመምህሬ የወረስሁት፣ እሱም ከመምህሩ የተበደረ፦
«ጥቅምት በገባ በሳምንቱ፤ አንድም ቀን አይቀድም።»
ለሁለት ዓመት ትምህርት መጥቼ ዕድሜ ልኬን ስቆይ፣
ከዚህች ዓረፍተ ነገር የጸና ነገር አላውቅም።

ኦግንያን ቫልኮቭ፣ የብሬስቶቪጻ ልጅ፣
ፊደሉ የከበደ፣ እስክሪብቶ ሳይሆን ዶማ የለመደ እጅ፣
እንዲህ ብሎ መለሰ፦
«ቀኑን አላውቀውም። ፍሬዋን እሰብራለሁ፤
ውስጧ ያለው ዘር ቡኒ ከሆነ፣ ያኔ እለቅማለሁ።»

ዜሮ።
በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ወይን ፍሬ የወፈረች።
ከጎኗም ጽፌያለሁ፦ «ይህ ኮሌጅ ነው እንጂ ማሳ አይደለም።»
በዚያችው ነጥብ ወድቆ ዓመቱን ደገመ፤
አባቱ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ባርኔጣውን ይዞ ብዙ ሰዓት ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ጥቅምት ቀስ እያለ ሸሸ።
አንዱ ዓመት በሳምንት ቀደመ፤ «ያጋጥማል» አልሁ።
ሌላው በአሥራ ሁለት ቀን፤ «የተለየ ዓመት ነው» አልሁ።
የተለዩት ሲበዙ፣ ከምን እንደምለያቸው አጣሁ።
ስለ አየር ንብረት ለውጥ አንድ ምዕራፍ ጨመርን፤
ከመጨረሻው ሳምንት፣ ከፈተናው ማግስት ወሸቅን።
አሥራ አራት ስላይድ፦ ነጭ ድብ፣ የሚቀልጥ በረዶ፤
ተማሪው ሰዓቱን ያያል፣ ልቡ ወደ ባቡር ሄዶ።
ስለ ወይን አንድ መስመር የለም።

አምና ነው፣ አንዲት ልጅ፣ ዳሪና፣ እጇን አነሣች፤
«መምህር፣ የእርስዎ ጥቅምት የትኛው አገር ነው?» አለች።
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ሌሊቱን ግን ጣሪያ ስቆጥር አነጋሁ።

ወረቀቱን አጥፌ በአውቶቡስ ሄድሁ፣
ከሮዶፒ ተራራ ሥር፣ ከብሬስቶቪጻ ወረድሁ።
ኦግንያን ሸብቷል። በሩን ሲከፍት አልደነገጠም፤
ዜሮዋን አይቶ ሳቀ፤ «ይህችን ክብ አልረሳኋትም።»
«ነጥብህን ልመልስ መጣሁ፤ ልክ ነበርህ» አልሁት።
ዝም ብሎ ቀደመኝ ወደ ተክሉ፤ ከኋላው ተከተልሁት።

«አይ መምህር» አለኝ፣ ዘለላውን ቆርጦ፣
አንዷን ፍሬ ከፍሎ፣ በአውራ ጣቱ ገልጦ፤
«ይቅመሷት።» ማር ናት፤ ከንፈር ታጣብቃለች።
«ዘሯን ደግሞ ይዩ።»
አረንጓዴ ነች።
«ስኳሯ ቸኮለ፣ ዘሯ ገና ልጅ ነው፤
ብጠብቅ ዘቢብ ናት፣ ብለቅም ጥሬ ነው።
አያቴ ያስተማረኝም፣ እርስዎ ያስተማሩኝም
ለዚህች ለአንዷ ፍሬ አልሆናትም።
ነጥቡን መልሰው ይውሰዱ፤ ለእኔም አይገባኝም።»

ከድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጥን ሁለታችን፣
የሚጠይቅ የለ፣ የሚመልስ የለ፤ ንቦቹ ብቻ ሲዞሩን።
በጨለማ ተመለስሁ። ደብተሬን ልገልጥ ስል
ጣቶቼ ከስኳሩ ጋር ገጹ ላይ ተጣበቁ፤
ጥቅምት የሚለው ቃል በከፊል ተነሥቶ ከእጄ ጋር ሄደ፣
የቀረው ብዥ አለ።

ለተተኪዬ ቁልፉንና ካርቶኖቹን ትቼ፣
የኦግንያንን ወረቀት ከሁሉም በላይ ዘርግቼ፣
ዜሮዋን አላጠፋሁም፤ ከሥሯ የራሴን ስም ጻፍሁ።
ጥያቄ ሰባትንም እንዲህ አድርጌ አስተካከልሁ፦

«ማቭሩድ መቼ ይለቀማል?
የጠየቋችሁ መምህር አያውቁም።
ለምን እንደማያውቁ አስረዱ።
ፍሬ ይዞ መግባት ይፈቀዳል።
አሥር ነጥብ።»